የተረፈው ብርሃን የት ይሄዳል?

ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ ወደ ቴፒ የሚጓዝ ሰው ከመኪናው መስኮት ቀድሞ የሚያየው ከቡናው በላይ የቆመውን ዛፍ ነው። ሰሳው ቅርንጫፉን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ዋንዛው ሰፋፊ ቅጠሉን ጥሎ፣ ብርብራው በመካከላቸው ገብቶ ይቆማሉ፤ ቡናው ከነዚህ ሥር ነው። ይህን ጥላ ማን አኖረው ቢባል ከፊሉ የጫካው የራሱ ነው፤ ከፊሉን ደግሞ ጫካውን ሲመነጥር ይህቺ ዛፍ ለቡናዬ ትቆይልኝ ብሎ የተዋት ገበሬ ያኖረው ነው።

ገበሬውን ጥላው ምን ይጠቅምሃል ብለው ቢጠይቁት መልስ አያጣም። መሬቱን ያቀዘቅዛል፣ እርጥበት ያቆያል፣ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፣ ዛፉ ሲያረጅ እንጨት ይሆናል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ እዚህ የማነሳው ግን ከነዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድመውንና ብዙ የማይነገርለትን ጥቅም ነው፤ ጥላው ቡናውን ከብርሃን ይጠብቀዋል። ከሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ከብርሃኑ።

ይህ አባባል ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። በትምህርት ቤት ስለ ብርሃን አስተጻምሮ ስንማር ብርሃን ምንጊዜም ደግ ነበር፤ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባሉ፣ ፀሐይ ታበራለች፣ ስኳርና ኦክስጅን ይወጣሉ። በዚያ ትምህርት ውስጥ ብርሃን ሊያንስ ይችል ነበር እንጂ ሊተርፍ አይችልም ነበር። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ጠራራ ፀሐይ በእኩለ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ 2000 ማይክሮሞል ያህል የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ ታወርዳለች። በጥላ ያደገ የቡና ቅጠል 300 ገደማ ሲደርስ ይጠግባል። ፀሐይ ላይ ያደገውም ቢሆን ከ600 ወይም ከ700 ብዙ አያልፍም። ከዚያ በላይ ብርሃን ቢጨመር የሚሠራው ስኳር አይጨምርም።

ጠገበ ማለት ግን መቀበሉን አቆመ ማለት አይደለም። ክሎሮፊል ቀለም ነው፤ ፊቱ የመጣለትን ብርሃን እምቢ ሊል አይችልም። እንግዲህ ጥላ በሌለው ማሳ ላይ የቆመ ቡና በጥር ወር እኩለ ቀን ላይ ከሚውጠው ብርሃን አብዛኛው ለሥራ የማይውል ትርፍ ነው። ያ ትርፍ የት ይሄዳል?

ክሎሮፊል አንድ ፎቶን ሲውጥ ጉልበቱን ይዞ የሚቆየው ለሰከንድ ጥቂት ቢሊዮንኛዎች ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ጉልበቱ መውጫ ማግኘት አለበት። አንደኛው መውጫ ኤሌክትሮን ገፍቶ ስኳር ወደሚሠራበት መስመር መግባት ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ መበተን ነው። ሦስተኛው ዳግመኛ ብርሃን ሆኖ መውጣት ነው፤ ቅጠል ሁሉ ቀኑን ሙሉ በዓይናችን የማንለየው ደካማ ቀይ ብርሃን ይተፋል፤ መጠኑ ከዋጠው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ተመራማሪዎች ይህችን ቀይ ብርሃን በመሣሪያ እየለኩ ቅጠሉ ሳይቆረጥ ስለ ጤናው ይጠይቁታል። በጨለማ አርፎ የተለካ ጤነኛ ቅጠል 0.83 ገደማ የሆነ ንባብ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ከዚያ ብዙ ዝቅ ካለ ቅጠሉ ብርሃን በዝቶበት ተጎድቷል ማለት ነው።

ጉልበቱ መውጫ ሲያጣ የሚያገኘው ኦክስጅንን ነው። ቅጠል ደግሞ ኦክስጅን የሚያመርት ነገር ስለሆነ አጠገቡ አይጠፋም። ጉልበት የተሸከመ ኦክስጅን እንደምንተነፍሰው ኦክስጅን አይደለም፤ በአካባቢው ያገኘውን ስብና ፕሮቲን ሁሉ ያበላሻል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ውሃ በሚሰነጠቅበት ማዕከል ላይ የተቀመጠው ዲ1 የሚባለው ፕሮቲን ነው። በብርቱ ፀሐይ የዚህ ፕሮቲን ዕድሜ በደቂቃዎች ይቆጠራል። ቅጠሉ የተበላሸውን እያወጣ አዲስ ይተካል። ጥገናው ከጉዳቱ እኩል እስከተራመደ ድረስ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ጉዳቱ ሲቀድም ግን ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጎኑ ይቃጠላል፣ በመጨረሻም ይረግፋል። ሥራው የማይቋረጥ ጥገና ስለሆነ ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ፀሐይ ላይ የወጣ ቡና ማዳበሪያ ሲያጣ በጥላ ካለው ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነገር ግን ቅጠሉ ጉዳት እስኪደርስበት ድረስ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። በደጋው አገር የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው መፍትሔውን በቀላሉ ይረዳዋል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ባለወፍጮው ውሃውን ሁሉ ወደ መዘውሩ አይለቅም፤ ከቦዩ ጎን ማፍሰሻ ከፍቶ ትርፉን ወደ ወንዙ ይመልሳል። ቅጠልም ትርፉን ብርሃን ሙቀት አድርጎ የሚለቅበት ማፍሰሻ አለው።

ማፍሰሻውን የሚያስከፍተው አሲድ ነው። ብርሃኑ ስኳር ሥራውን ሲቀድመው በክሎሮፕላስት ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ከረጢቶች ሆድ ሃይድሮጅን አዮን ይከማቻል፤ አሲድነቱም ይጨምራል። ይህን የሚያስተውል ፒኤስቢኤስ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ብርሃን የሚሰበስቡትን ጎረቤቶቹን በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሙቀት መልቀቅ ያዞራቸዋል። በዚያው አሲድ የሚነቃ አንድ ኢንዛይምም አለ፤ ቫዮላዛንቲን የሚባለውን ቢጫ ቀለም ዚያዛንቲን ወደሚባለው ሌላ ቢጫ ቀለም ይለውጠዋል። ዚያዛንቲን በበዛ ቁጥር ትርፉ በሙቀት መልክ ይወጣል፤ የሚያመልጠውን ክፉ ኦክስጅንም ያረግባል። ፀሐይ ስትቀዘቅዝ ሌላ ኢንዛይም ቀለሙን ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። እንግዲህ አረንጓዴ በምንለው ቅጠል ውስጥ ጠዋትና ማታ የማይታየን የቢጫ መለዋወጥ አለ።

የቀለሙን መመላለስ በ1957 እ.ኤ.አ. ያዩት የሶቪየት ኅብረቱ ሳፖዥኒኮቭና ባልደረቦቹ ናቸው። አሜሪካዊው ሃሪ ያማሞቶ በ1962 ዑደቱን በዝርዝር አስቀመጠው። ምን እንደሚሠራ ግን ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም፤ ዚያዛንቲን ትርፍ ብርሃንን በሙቀት ከመልቀቅ ጋር እንደሚያያዝ ባርባራ ደሚግ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳየችው በ1987 ነው። የፒኤስቢኤስ ነገር የተገለጠው ደግሞ በ2000 ሲሆን ከክሪሽና ኒዮጊ ቤተ ሙከራ የወጡ ተመራማሪዎች ይህ ፕሮቲን የጎደላቸው ተክሎች ማፍሰሻቸውን መክፈት እንደሚያቅታቸው አረጋገጡ። ከዚሁ ጋር ልጨምር፤ ቢጫ በቆሎን ቢጫ ከሚያደርጉት ቀለሞች አንዱ ይኸው ዚያዛንቲን ነው። በሰው ዓይን ውስጥ አጥርተን በምናይበት ቦታ ላይም ይገኛል፤ እኛ ራሳችን አንሠራውም፣ ከምግብ እናገኘዋለን።

ሌሎች ዘዴዎችም አሉ። ክሎሮፕላስቶች ብርሃን ሲበረታ በሴሉ ውስጥ ተንቀሳቅሰው ወደ ጎን ግድግዳ ይጠጋሉ፤ ጨረሩ በመካከል እንዲያልፍ። ቦሎቄ የዘራ ሰው ደግሞ በጠራራ ቀን ቅጠሎቹ ጠርዛቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ሲቆሙ አይቶ ይሆናል፤ ጠውልገው ሳይሆን ሸሽተው ነው። ቡና ይህን ያህል አይሸሽም። ለጋ ቅጠሉ ግን ሌላ ጥበብ አለው።

በቤንች ሸኮም በሸካም የቡና ማሳ ውስጥ ገብቶ የቅርንጫፎቹን ጫፍ ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ቡና ያገኛል። አንዳንዱ ሲያቆጠቁጥ ለጋው አረንጓዴ ነው፤ ሌላው ነሐስ የሚመስል ቀይ። ቀዩን የሚሰጠው አንቶሳያኒን ነው። ለጋ ቅጠል ክሎሮፊል እየሠራ ቢሆንም ስኳር የሚሠራበት መስመር ገና አልተሟላም፤ ስለዚህ ትንሽ ብርሃንም ትርፍ ይሆንበታል። ቀዩ ቀለም ከብርሃኑ በተለይ አረንጓዴውን ክፍል ክሎሮፊል ዘንድ ሳይደርስ ይውጠዋል። ቅጠሉ ሲጎለምስ ቀለሙ ይጠፋል። ከዚሁ አካባቢ ጫካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ተለቅሞ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ኮስታ ሪካና ፓናማ የገባው፣ በ2004 በፓናማ ውድድር አሸንፎ ዓለምን ያስደነቀው የጌሻ ቡናም ነሐስ ጫፍም አረንጓዴ ጫፍም አለው። አረንጓዴ ጫፉ መከላከያ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ቀለም የሌላቸው ሌሎች መከላከያዎችም በቅጠሉ ውስጥ አሉ።

ውሃ ውስጥ ያሉት ዋቅላሚዎችም ያው ችግር አለባቸው፤ ምናልባትም የባሰ። ማዕበልና ነፋስ ከጨለማው ጥልቀት ወደ ላይ ያወጣቸዋል፣ ተመልሶ ያሰምጣቸዋል፤ ብርሃናቸው በደቂቃ ውስጥ ይለዋወጣል። አረንጓዴ ዋቅላሚዎች ለዚህ ኤልኤችሲኤስአር የሚባሉ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ እነዚህም አሲድ ሲሰማቸው ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። አገራችን በዚህ ጉዳይ የራሷ ታሪክ አላት። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅንና ቂሎጤን ታሊንግ፣ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር አጥንተው በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ በዓለም የሐይቅ ጥናት ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የጠየቁት ጥያቄ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተክሎች በብርሃን አስተጻምሮ ቢበዛ ስንት ሊያመርቱ ይችላሉ የሚል ነበር፣ መልሱንም የፈለጉት ያኔ ስፒሩሊና ሞልቶባቸው በነበሩት በእነዚህ የኢትዮጵያ ሶዳማ ሐይቆች ነው። ስፒሩሊናው እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ብርሃን ከላይኛው ስስ የውሃ ንብርብር በታች አይዘልቅም ነበር፤ ላይ ያለው ብርሃን ይበዛበት፣ ታች ያለው በላይኛው ጥላ ሥር ይሆን ነበር። ስፒሩሊና በትክክለኛው አነጋገር ባክቴሪያ ነው፤ መከላከያውም ለየት ይላል። ብርቱካናማ የሆነ ፕሮቲን አለው፤ ብርቱ ብርሃን ሲመታው ቀይ ይሆንና ብርሃን ሰብሳቢዎቹ ላይ ተለጥፎ ጉልበቱን ሙቀት ያደርገዋል። የዚህን ፕሮቲን ቅርጽ ሳይንቲስቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በ2003 እ.ኤ.አ. የፈቱት ከአንድ የስፒሩሊና ዝርያ ወስደው ነው። ጪቱ ሐይቅ ላይ የሚታዩት ፍላሚንጎዎች ሮዝ የሚሆኑትም ከሚበሉት ስፒሩሊና ካሮቲኖይድ ወስደው ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ፤ ለእኛ ዋናው እሱ ነውና። አረቢካ ቡና የሁለት የቡና ዝርያዎች ድቅል ነው፤ የበቀለውም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራማ ጫካ በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። በዚያ ቤቱ ብርሃን የሚያገኘው በጥቂቱ ነው፤ ከቅጠሎች መካከል ሾልኮ የሚወድቀው ጨረር ደግሞ ለአፍታ ያበራበትና ያልፋል። ሚዛን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ በታኅሣሥ እንኳ ሩቅ አትሄድም።

የበጋው ወራት፣ በተለይ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት፣ ለቅጠሉ ከባዱ ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩም ይደርቃል። ቡና ደግሞ አየር ሲደርቅ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ፈጥኖ የሚዘጋ ተክል ነው። ቀዳዳው ሲዘጋ ውሃ አይወጣም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይገባም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌለ ስኳር የሚሠራው መስመር ይቀዛቅዛል፤ ቅጠሉም ቀድሞ ከሚጠግብበት ባነሰ ብርሃን ይጠግባል። ብርሃኑ ያው ነው፤ ትርፉ ግን ጨመረ። አውላላ ሜዳ ላይ ያለ ቡና ከረፋዱ ጀምሮ ቀዳዳውን ዘግቶ ማፍሰሻውን ከፍቶ ይውላል፤ ፀሐይ እያለችለት ሥራ ፈቶ ማለት ነው።

ጥላው እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ግን የቅጠሉን ሥራ ሊጨምረው ይችላል። ከሥሩ ያለው አየር ቀዝቀዝና ረጠብ ስለሚል ቀዳዳዎቹ ለረጅም ሰዓት ክፍት ይሆናሉ። አዱኛ ቦቴና ሆላንዳዊው ፖል ስትሩክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኢትዮጵያ ጥናት ጥላ ሥር ያለው ቡና በቀጥታ ፀሐይ ካለው የተሻለ ብርሃን አስተጻምሮ እንደነበረው፣ ፍሬውም ከበድና ተለቅ ያለ እንደነበር ጽፈዋል።

ብራዚል ግን አብዛኛውን ቡናዋን ያለ ጥላ እያመረተች አይደለም ወይ? አዎ። ይህን ክርክር የሚያነሱ ሰዎች ተሳስተዋል አልልም፤ ቡና ቅጠሉን እንደሚያገኘው ብርሃን የማስተካከል ችሎታ አለው። ፀሐይ ላይ የሚያወጣው ቅጠል ትንሽና ወፈር ያለ ነው፤ የቢጫ ቀለሞቹ ክምችት ከፍ ያለ፣ የጥገና አቅሙም የተሻለ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ ወጪውን ብራዚል የምትከፍለው በማዳበሪያና በተዳቀሉ ዝርያዎች፣ በየቦታውም በመስኖ ነው። የጓሮ ቡና ያለው የሸኮ ወይም የሸካ ገበሬ ይህን የሚከፍልበት የለውም። ለእርሱ ሰሳው መስኖውም ማዳበሪያውም ነው፤ ሰሳና ብርብራ ከአየር ናይትሮጅን የሚወስዱ ዛፎች ናቸውና። ሌላም ጣጣ አለ። ፀሐይ ላይ ያለ ቡና ብዙ ያብባል፤ አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራና ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ምንም የለም። በጥላ ያለው ከዓመት ዓመት ይበልጥ ይመጣጠናል።

ይህን ስል ጥላ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለቴ አይደለም። በጣም ጨለማ በሆነ ጫካ ውስጥ ያለ ቡና ይረዝማል፣ አበባው ግን ጥቂት ነው፤ ጫካ ቡና ምርቱ አነስተኛ የሚሆነው ለዚህም ጭምር ነው። ሌላው ኪሳራ ደግሞ የማፍሰሻው ነው። ማፍሰሻው ለመክፈት ፈጣን፣ ለመዝጋት ግን ዘገምተኛ ነው። በዛፍ ሥር ያለ ቅጠል ጨረር ሲያርፍበት ይከፍታል፤ ጨረሩ አልፎ ጥላ ሲመለስ ሳይዘጋ ለደቂቃዎች ይቆያል፣ ያኔ የሚያስፈልገውን ብርሃን ሳይቀር ሙቀት እያደረገ ይጥለዋል። ይህ ብክነት ምን ያህል እንደሆነ በ2016 እ.ኤ.አ. በትንባሆ ታይቷል። ክሮምዳይክና ባልደረቦቹ ማፍሰሻውን በፍጥነት እንዲዘጋ ያደረጓቸው ተክሎች በማሳ ላይ ከ14 እስከ 20 በመቶ የበለጠ ክብደት አፈሩ። በ2022 በአኩሪ አተር ተሞክሮ ምርት ጨምሯል፤ በሌሎች ተክሎች ላይ ግን ውጤቱ ሁልጊዜ እንዲህ አልሆነም። እኔን የሚያጓጓኝ የተፈጥሮው ልዩነት ነው። ጅማ አጠገብ በጮጬ የዘር ማቆያ ማሳ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎች ቆመዋል፤ በካፋ፣ በሸካና በያዩ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች ደግሞ ቡናው ከነጫካው አለ። በሚለዋወጥ ብርሃን ሥር ሺህ ዓመታት ከኖሩ ተክሎች መካከል ማፍሰሻውን ፈጥኖ የሚዘጋ ይኖራል ብዬ ባስብ የሚፈርድብኝ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ከማናችንም በፊት በተግባር የሚያውቀው የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። የቡና ችግኝ የሚያድገው በእንጨት ላይ በተዘረጋ ሣር ወይም ቅጠል ጥላ ሥር ነው። ተከላው ሲቃረብ ሠራተኛው ሣሩን በአንድ ቀን አያነሳውም፤ እየሳሳ እንዲሄድ ያደርገዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ችግኙ የቢጫ ቀለም ክምችቱን ይጨምራል፣ የሚያወጣቸው አዳዲስ ቅጠሎችም ወፈር ይላሉ። በጥላ የጎለመሰ ቅጠል ግን ራሱን ሊለውጥ የሚችለው በከፊል ነው፤ ለፀሐይ በሚገባ መዘጋጀት የሚቻለው በአዲስ ቅጠል ነው፤ አዲስ ቅጠል ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ድንገት ወደ ፀሐይ የወጣ ችግኝ ነጣ ብሎ የሚቃጠለው ውሃ ጠፍቶበት ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጊዜ ስላልተሰጠው ነው።

ችግኝ ላይ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለትልቁ ቡና የምንነፍገው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። በበጋ፣ እንጨት ሲፈለግና መንገዱ ሲደርቅ፣ ዋንዛው በአንድ ሳምንት ይወድቃል፤ ከሥሩ የነበረው ቡና የጥላ ቅጠሉን እንደለበሰ ከ300 ወደ 2000 ይጋለጣል፤ ያውም ቀዳዳው በተዘጋበት ወር። ጥላ የበዛበት ማሳ መሳሳት አለበት፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ነገር ግን ቅርንጫፍ እየመረጡ፣ ዝናቡ ሲጀምርና ሰማዩ ሲደምን፣ ከአንድ ክረምት ይልቅ በሁለት ክረምት ይሁን። መጋዝ የያዙ የማሳ ባለቤቶችና የእርሻ ኃላፊዎች ይህን ያህል ቢታገሱ ቡናው አዲስ ቅጠል ለማውጣት ጊዜ ያገኛል።